ደጃፍ ላይ የተደፋ ውሃ

በሐራ፣ በእኛ በአይሁዶቹ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት «ሞተ» ብሎ በአፉ የሚያወጣው የለም። በቤቱ ተቀድቶ የተቀመጠ ውሃ ሁሉ፣ የእንስራው፣ የባልዲው፣ የማንቆርቆሪያው ሳይቀር፣ ደጃፍ ላይ ይደፋል። ጎረቤት ያንን አይቶ የራሱን ይደፋል። ሽማግሌዎቹ መልአከ ሞት ሰይፉን ያጠበበት ውሃ አይጠጣም ይላሉ። ለእኔ ግን የሐራ ሰው ክፉ ወሬ ከአፉ እንዳይወጣ ያመጣው ዘዴ ይመስለኛል። ውሃው ይናገርለታል፤ እሱ ተከትሎ እዬዬ ይላል።

ተወልጄ ባደግሁበት በቱኒስ አገር፣ በጄርባ ደሴት፣ በትልቁ ሐራ፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቴን ቀብሬያለሁ፣ አክስቶቼን ቀብሬያለሁ። እንዲያም ሆኖ አባቴ በጠና ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ሴቱ ሁሉ ደጁን በሚጠርግበት የጠዋት ሰዓት፣ ባልዲ በባልዲ ላይ እያወጣሁ በራችን ላይ ደፋሁ። የዓሣ ውሃ ነበር። ይህን የሚሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ያን ቀን እስከ ቀትር ድረስ ስቄያለሁ።

ዓሦቹ የአባቴ የፍራጂ ነበሩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ብር ሲያነጥር የኖረ ሰው ነው። አምባርና ጉትቻ የሚሠራው በቤታችን ፊተኛው ክፍል ውስጥ ነበር፤ አርጅቶ ከተወው በኋላም ጠረጴዛውና መዶሻዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም። ከጠረጴዛው ትይዩ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ የእኔን አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ቆሟል። በውስጡ ዲስከስ የሚባሉ ዓሦች ነበሩ፤ እንደ ሾርባ ሳሕን ክብና ጠፍጣፋ፣ ቀይ ገላቸው ላይ ሰማያዊ መስመር የተጣለበት፣ ሰውን ትክ ብለው የሚያዩ። አገራቸው ዝናቡ የማያባራ ጫካ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው ይባላል። ምን አጥተው እኛ ጨውና አሸዋ መሐል እንደመጡ አላውቅም።

እንደ ዲስከስ ቅምጥል ፍጥረት አላየሁም። ውሃቸው ከሰው ገላ ጥቂት ብቻ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ማሞቂያው አንድ ቀን ከተበላሸ ይጠቁራሉ፣ ጥግ ይዘው ያኮርፋሉ። በየቀኑ ሢሶው ውሃ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። የደሴታችን የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ አይስማማቸውም። ስለዚህ አባቴ በዝናቡ ወራት ከጣሪያ ወርዶ በግቢያችን ጉድጓድ የሚጠራቀመውን ውሃ ለእነሱ ያዘው። እኛ ዘንድ ጠብታ በማይወርድበት በሐምሌ እኔ የቧንቧውን እየጠጣሁ እነሱ በዝናብ ይዋኛሉ። ምግባቸው የበሬ ልብ ነው። ልኳንዳው ያስቀምጥለታል፤ አባቴ ስቡንና ጅማቱን ብር በሚይዝበት መቆንጠጫ ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ አቀዝቅዞ ይቆራርጣል። ለእኔ አንድ ቀን ሽንኩርት ልጦልኝ አያውቅም። በሰንበት መብራት አይነካምና፣ አርብ ሲመሽ የገንዳው መብራት በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ አስተካክሎ ነው ለሰንበት ወደ ምኩራብ የሚሄደው። በፋሲካ እርሾ ከቤት ሲወጣ የእነሱም የስንዴ ፍርፋሪ አብሮ ይወጣል።

ግን አባቴ ዓሣ ወዳድ ሆኖ አልተፈጠረም። ዓሣ ወዳዱ ታናሽ ወንድሜ ፊንሐስ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት በምኩራብ ኦሪት ባነበበ ጊዜ አጎታችን ትንሽ የመስታወት ገንዳ ከነዓሣው አመጣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊንሐስና እናቴ ከገንዳው አጠገብ አይጠፉም። መረቡን የሰፋችለት ከሙሽርነት ዓይነ ርግቧ ቆርጣ ነው። አባቴ «ይህ ልጅ ሥራ ይፈታል» እያለ ያጉረመርም ነበር።

እናቴ በድንገት ታማ ሞተች። ሴቶቹ ውሃውን መድፋት ሲጀምሩ አንዷ ወደ ገንዳው ጠቁማ «ይሄስ?» አለች። ፊንሐስ እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ቆመ። «ይሄ አይነካም፣ እማ ናት የሰጠቻቸው ምግብ ገና ሳይበሉት» እያለ የማይያያዝ ነገር ይናገራል። አባቴ በሐዘን ዐብዶ ነበር። «ሕግ ነው!» ብሎ ልጁን ገፍትሮ ገንዳውን አንሥቶ ግቢ ውስጥ ገለበጠው። ዓሦቹ ድንጋዩ ላይ ሲንፈራገጡ ድመቶች ደረሱባቸው። ፊንሐስ አላለቀሰም፤ ቆሞ አያቸው።

በሐዘኑ ሰባተኛ ቀን ረቢ ማክሉፍ መጥተው ይህንን ሰሙ። «ዓሣ የሚኖርበት ውሃ አይደፋም እኮ ፍራጂ፣ ማን ነው ያለህ?» አሉት፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት። ፊንሐስ ቀና ብሎ አባቱን አየው። እኔም አየሁት። ሁሉም አየው። አንዲት ቃል፣ ኧረ ግማሽ ቃል ትበቃ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ለረቢ ሻይ ቅጂ» አለኝ። ያው ነው። ሌላ አልተጨመረበትም።

ፊንሐስ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ቱኒስ ሄደ፤ መነጽር ቤት ከፈተ፣ ለበዓልም አልመጣም። አባቴ በበኩሉ ልጁ በሄደ በዓመቱ ከስፋክስ ከተማ በጭነት መኪና ትልቅ ገንዳ አስመጣ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ያመጣቸው ሞቱበት። ደግሞ አመጣ፣ ደግሞ ሞቱ። እየቆየ ለመደው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ፈለፈሉ። የዲስከስ ልጆች ከወላጆቻቸው ገላ ላይ የሚወጣ እንደ ወተት ያለ ነገር እየላሱ ነው የሚያድጉት። «ነይ እይ ትራኪ፣ ከአባትየው ጎን እየበሉ ነው!» ብሎ ጠራኝ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሣም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ለፊንሐስ ልንገረው?» አልኩት። «እንዳትነግሪው» አለኝ። «ራሱ መጥቶ ይይ።»

እንዲህ ነበር የኖርነው። እኔ ሁለት ግግም ያሉ ሰዎች መሐል ቁጭ ብዬ ጸጉሬን አስሸበትኩ። ባለፈው በጋ የአባቴ ልብ ደክሞ እግሩ አባበጠ፤ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም። አልጋውን ፊተኛውን ክፍል ተከትሎ ባለው ጓዳ ዘረጋሁለት፤ መሐሉን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር «ማነው?» ይላል። ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ድመቷም ታውቃለች። ሳያየው እንዳይሞት እፈራ ነበር። ሌላ የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

ለፊንሐስ ደወልኩ። «ባባ ታሟል፤ ክፉኛ» አልኩት።

«እሱ ጥሪው አለሽ?»

«አላለኝም። ግን ስልክ ሲጮህ ጆሮውን ያቆማል።»

«ትራኪ፣ እኔ ሳልጠራ የምሄድበት ቤት የለኝም። ይጥራኝ፣ በማግስቱ አለሁ።»

ወደ ጓዳ ገባሁ። «ባባ፣ ልጅህን ጥራው።»

«በሩ ተቆልፎበታል? የገዛ ቤቱ አይደለም እንዴ? ልጅ ወደ ቤቱ በግብዣ ነው የሚመጣው?»

ምን ይደረጋል። ሁለቱንም በአንድ ዱላ ብወቅጣቸው ደስ ባለኝ።

በዚህ መሐል አንደኛው ዓሣ ታመመ። ጠቆረ፣ መብላት ተወ፣ ማሞቂያው ሥር ተወሸቀ። አባቴ መተንፈስ እያቃተው ከአልጋው ሆኖ «ጨው ጨምሪ፣ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ነገ ጠዋት ግማሹን ቀይሪ» ብሎ አዘዘኝ። ሌላ ጊዜ ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ ግቢ ላለችው ሎሚ ነበር የማጠጣው፤ ከእሷ የበለጠ የሚያፈራ ሎሚ በሰፈሩ የለም። ይህኛው ግን ጨው አለበት፤ ሎሚዋን ያቃጥልብኛል። ስለዚህ በጠዋት ቱቦውን ገንዳው ውስጥ ከትቼ፣ በባልዲ እየሞላሁ፣ በሩን ከፍቼ ደጅ ደፋሁት። እንቅልፍ በዓይኔ ካልዞረ ብዙ ቀን ሆኖኝ ነበር። ስለ ሎሚዋ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጉድጓዱ ጋ ሆኜ አዲሱን ውሃ ስቀዳ ከጎረቤታችን ከኽሚሳ ደጅ ሿ ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ከማዶው ቤት። ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ ወዲያ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ጽዳት ላይ ነው አልኩ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። በሩን ስከፍት ኽሚሳ ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጉንጯን እየቧጠጠች፣ ሴቶቹን አስከትላ ቆማለች።

«ወይኔ ባባ ፍራጂ! ወይኔ ያ ብር አንጣሪ እጅ!»

«እትዬ ኽሚሳ፣ ምን ሆንሽ?»

«አይዞሽ ልጄ፤ አልቅሺ፣ አትያዢው!»

«ምኑን ነው የማልይዘው?»

ኽሚሳ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ደንዝዛለች። አልቅሳ ካልወጣላት ትታመምብናለች፤ ያዟት።»

ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙኝ። ያኔ ነው የገባኝ። «ልቀቁኝ እንጂ! ባባ በሕይወት አለ! የዓሣ ውሃ ነው የደፋሁት!»

ሴቶቹ ክንዴን ለቀቁኝ።

«የምን ውሃ?» አለች ኽሚሳ።

«የዓሣ። ጨው ገብቶበት ሎሚዋን እንዳይገልብኝ ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? አባትሽ በዚህ ሁኔታ ተኝቶ ደጅ ላይ ውሃ! እኔ እኮ ሁለት እንስራ የዝናብ ውሃ ደፋሁ! በዚህ በጋ!»

«እተካልሻለሁ።»

«ውሃውንስ ተኪው። እንባዬን ማን ይተካዋል?»

ይህንን ስንባባል የቀብር ማኅበሩ ሰዎች የሬሳ ማጠቢያ ሳንቃውን ተሸክመው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ሳንቃው በሩን ነክቶ ጓ አለ። ከጓዳ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። «ትራኪ! ማነው የሞተው?»

ሁሉም እጁን በአፉ ጫነ።

«አትሰሙኝም? ማነው የሞተው?»

ኽሚሳ መቼም አፏ አያርፍም። «እርስዎ ነዎት ባባ ፍራጂ፤ ግን ቀርቷል!» አለችው።

አባቴ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። «ሳንቃውን መልሱት። ግን ሩቅ አትውሰዱት» አላቸው። ሴቶቹም ሳቁ፣ የማኅበሩ ሰዎችም ሳቁ፣ እኔም በሩን ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሁሉም ወደ ጓዳ እየገባ ጨበጠው፣ ረጅም ዕድሜ ተመኘለት። ኽሚሳ ብቻ በመሐል ሳቋን አቋርጣ እጇን አፏ ላይ ጣለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ለፊንሐስ ደውዬለታለሁ።»

አባቴ ሳቁን አቆመ። «ምን አለ?»

«መጀመሪያ ‹መቼ?› አለኝ። ከዚያ ‹እኔ ሳልመጣ እንዳትቀብሩት› አለኝ። በማታው አውሮፕላን ይመጣል።»

«አለቀሰ?»

«ኧረ ባባ ፍራጂ፣ በስልክ እንዴት ይታየኛል?»

«ይሰማል እኮ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

ስልኬን አነሣሁ። «አስቀምጪው» አለኝ። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ተመለስኩበት።

«ባባ፣ ይሄ ኃጢአት ነው። ሰው አባቴ ሞተ ብሎ እየነደደ ሊውል ነው?»

«አሁን ብትደውዪለት አውሮፕላኑን ይተወዋል። ውሸቴን ነው?»

ስልኩን አስቀመጥኩ፤ ውሸቱን አልነበረም። ሳቄ እዚያ ላይ አለቀ።

«ሲመጣ በሩ ላይ ምንም አትበዪው» አለኝ። «መጀመሪያ ዓሦቹን ይያቸው። ብቻውን ሆኖ ይያቸው። ከዚያ እኔ እጠራዋለሁ።»

«ለምን አሁን ደውለህ በአፍህ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ?»

«ይቅር በለኝ ብለህ ነዋ!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሲያያቸው ይገባዋል» አለ።

ከቀትር በኋላ ፊንሐስ ራሱ ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ይንቀጠቀጣል፤ አባቴ በመጋረጃው ቀዳዳ እኔን ያየኛል። አላነሣሁትም። ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ አላነሣሁትም። ተገድጄ ነው ብል ዋሸሁ። እኔም እንዲመጣ ፈልጌ ነበር፤ እንዴትም ብሎ ይምጣ አልኩ።

አባቴ ጺሙን እንድላጨው አዘዘኝ። የሰንበት ነጭ ቀሚሱን አለበስኩት። የገንዳውን መስታወት በሎሚ ውሃ ወልውይልኝ አለኝ፣ መብራቱን አብሪ አለኝ፣ የበሬ ልቡን ስጪያቸው፣ አይ ተይው፣ ይራቡ፣ ሲራቡ ወደ ሰው ይመጣሉ አለኝ። የታመመውም ዓሣ በተአምር ከማሞቂያው ሥር ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ይህን ስነግረው «አየሽ?» አለኝ፤ እንደ ሙሽራ ተቁነጠነጠ። ኽሚሳ ሰፈሩን አስጠነቀቀች። መቼም ለእንዲህ ያለ ነገር የሐራ ሰው አይለምኑትም፤ ሁሉም ምሥጢሩን ተካፍሎ ደጁን ዘግቶ ተቀመጠ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፊንሐስ መጣ። ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ጎብጧል፣ እናቴን መስሏል። ሸሚዙን ወሬውን እንደሰማ ቀዶታል፤ ሕጉ ለወላጅ እንደሚያዘው በግራ በኩል፣ ልቡ ጋ። አቅፎኝ አለቀሰ። ትከሻዬ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ተው አታልቅስ፣ አለ እኮ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ትንሽ ብቻ፣ ዓሦቹን እስኪያይ ብቻ ብዬ መለስኩት።

«የት ነው?» አለኝ።

«ውስጥ ነው። ቆይ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አረፍ በል።»

ፊተኛው ክፍል አስገብቼው እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ገንዳውን አየው። መጀመሪያ ያላመነ መሰለኝ፤ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ ገንዳውን አየ። ቀስ ብሎ ቀረበ። ተርበው ስለነበር ሁሉም ወደ እሱ መጡ፣ መስታወቱን በአፋቸው እየነኩ ተደረደሩ። ጣቱን ወደ ቀኝ ሲወስድ ተከተሉት፣ ወደ ግራ ሲወስድ ተከተሉት። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ ትንፋሹን ይዟል። ሆነ! አልኩ በልቤ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆነ።

«የማን ናቸው?» አለ ፊንሐስ ሳይዞር።

«የባባ።»

«የባባ?»

«አንተ ከሄድህ በኋላ ነው የገዛቸው። በየቀኑ ውሃቸውን በእጁ...»

«የእኔን ደፍቶ ለራሱ ገዛ።»

«አይደለም ፊንሐስ፣ እንደሱ አይደለም...»

«እማ ስትሞት ሕግ ነበር» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ለምኜው፣ እጄን ዘርግቼ ከፊቱ ቆሜ፣ ሕግ ነበር። ዛሬ እሱ ሞቶ የእሱ ውሃ ሙሉ ነው። መብራቱም በርቷል።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን የመጣው መዶሻው ከጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ ነው። «ፊንሐስ፣ ባባ አልሞተም!» ብዬ ስጮህና መስታወቱ ሲሰበር አንድ ሆነ።

ውሃው ክፍሉን ሞልቶ በእግሮቼ መሐል ወደ ደጅ ወጣ። ፊንሐስ መዶሻውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ የሰማውን እንደሰማ አላመነም። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። አባቴ ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ የበሩን መቃን ይዞ ቆሟል። መቼም መግነዙን ለብሶ የተነሣ ሙት ነበር የሚመስለው። መዶሻው ከፊንሐስ እጅ ወደቀ።

ዓሦቹ ንጣፉ ላይ ይንፈራገጣሉ። መጀመሪያ የነቃው ፊንሐስ ነው። ተንበርክኮ በሁለት እጁ አፈሰና «ባልዲ! ባልዲ አምጪ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩ። ቀድቼ ስመለስ እጁን ከትቶ «ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቅ ጨምሪበት፣ ቶሎ!» አለኝ። እኔ ጀበና የምታህል ድስት ይዤ እሳት ላይ ስጣደፍ፣ እሱ እየደገፈ አፋቸውን ወደ ውሃው ያዞራል፣ በመዳፉ ያናፍስላቸዋል። አንዱ በመስታወት ተቆርጧል። ሌሎቹ በጎናቸው ተኙ። አንድ በአንድ ሞቱ። ፊንሐስ ባልዲው ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ።

አባቴ መሬት ላይ፣ እርጥቡ ላይ፣ እንደ ሐዘንተኛ ቁጭ ብሏል። ባልዲውን አላየም፤ የልጁን የተቀደደ ሸሚዝ ነበር የሚያየው። አሁን ይናገራል አልኩ። ተናገረ።

«ትራኪ፣ ንገሪው» አለ። «ለእሱ ነበር ያሳደግኋቸው።»

ልጁ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ቦታ ላይ ነው ያለው።

ፊንሐስ ቀና አላለም። «ትራኪ፣ ንገሪው» አለ እሱም። «ስልክ ነበረህ በይው።»

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ድስቱን ወርውሬ «እናንተው ተነጋገሩ! አፍ የላችሁም? ስንት ዘመን ነው የእኔን አፍ የምታኝኩት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሰፈሩ ያልሰማ የለም። ወጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ግን ውስጥ ትቼዋለሁ። ስብርባሪ ሲለቀም ሰማሁ። አባቴ ሲያስል ሰማሁ፣ ፊንሐስ ደግፎ ሲያስተኛው አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ቃል ግን አልሰማሁም። ጨለመ፤ አልሰማሁም።

በማግስቱ በጠዋቱ አውሮፕላን ሄደ። ሲወጣ የአባቴን እጅ ሳመ፣ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ሽማግሌ እንደሚስም። አባቴም በሰንበት ዋዜማ ልጆች እንደሚባረኩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። በር ላይ «ሸሚዝህን ልስፋልህ» አልኩት። «ለወላጅ የተቀደደ አይሰፋም» አለኝ። «በሕይወት አለ እኮ!» ስለው ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ።

አባቴ ምግብ ባቀርብለት ሳሕኑን በእጁ ይገፋል፣ መድኃኒት ብሰጠው ዓይኑን እንደ ጨፈነ ይውጣል። ፊተኛው ክፍል ባዶ ቆሞ፣ ግድግዳው ላይ ገንዳው የነበረበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይታያል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ ዓይኑን ከፈተ።

«ከመስበሩ በፊት አይቷቸው ነበር?»

«አይቷቸዋል።»

«ብዙ ቆመ?»

«ብዙ ቆመ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ።»

«ወደ እሱ መጡ?»

«ሁሉም መጡ።»

«የታመመውም?»

«እሱም።»

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ፊት በራ፤ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ እንቅልፍ ወሰደው። የአዲሱ ዓመት በዓል ሳይደርስ ሞተ፤ ፊንሐስም መጥቶ ቀበረው፣ ሰባቱን ቀንም አብሮኝ ተቀመጠ፤ ስለዚያ ማታ አንዳችንም አላነሣንም። እኔ ግን በዚያች ደስታው እናደድበታለሁ፤ ዛሬም ድረስ እናደድበታለሁ። ልጁ አጠገቡ ተንበርክኮ ሳለ አፉን መክፈት አቃተው፤ የተራበ ዓሣ ወደ ልጁ ጣት መዋኘቱን ግን እንደ እርቅ ቆጠረው። ለእሱ በቃው። ለእኔ ግን አልበቃኝም።